በደብረ ማርቆስ ቀይ አፈር የተፈተነ ውድ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ

ባለፈው ጥቅምት ውጭ አገር የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ለዕረፍት ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመጣ፣ ሁለታችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንመኘው የኖርነውን ዕቃ ከሻንጣው አወጣ። ዕቃው በብዙ ሞገድ የሚሠራ፣ ውኃ የማያስገባ፣ ክብደቱ ለክንድ የማይሰማ አዲስ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ነበር። ዋጋውን ስጠይቀው ከ1000 ዶላር በላይ እንደ ከፈለበት ነገረኝ። እኔ በአንድ ሞገድ ብቻ የሚሠራ፣ ከ300 ዶላር ባነሰ ዋጋ የተገዛና ስድስት ዓመት ያገለገለኝ አሮጌ መሣሪያ አለኝ። የአጎቴ ልጅ ሲመለስ አዲሱን እስከ መጋቢት ድረስ እንድጠቀምበት ትቶልኝ ስለ ሄደ፣ ለመዝናናት ብረት የሚፈልግ ሰው ያን ያህል ገንዘብ ማውጣቱ ይጠቅመው እንደ ሆነ በገዛ መሬታችን ላይ ለመመርመር አምስት ወር አገኘሁ። ክርክሬ ከዋጋ ጋር እንጂ ከአንድ ፋብሪካ ጋር ስላልሆነ ሁለቱን መሣሪያዎች ማን እንደ ሠራቸው ከዚህ አልናገርም።

አስቀድሜ ስለ አፈራችን መናገር አለብኝ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እርሱ ነውና። ጮቄ ተራራ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው፤ አብዛኛው የጎጃም ደጋም በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሸፈነ ነው። ይህ ድንጋይ በዘመናት ብዛት ሲፈርስ የሚሰጠን ቀይ አፈር ቀለሙን የሚያገኘው ከውስጡ ካለው የብረት ማዕድን ነው። መፈለጊያው ደግሞ ከታች ባለው ክብ የሽቦ ጥቅል (ኮይል) አማካይነት የማግኔት ሞገድ ወደ መሬት ይልካል፤ ሞገዱ ብረት ሲያገኝ በብረቱ ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ጅረት ያስነሣል፤ ኮይሉም የዚያን ጅረት ምላሽ ተቀብሎ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። መሬቱ ራሱ በብረት ማዕድን የተሞላ ሲሆን ግን ከአፈሩ የሚመጣው ምላሽ ከሳንቲሙ ምላሽ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ሳንቲሙ በገበያ መካከል እንደሚያንሾካሹክ ሰው ድምፁ ይዋጣል። አውሮፓ ውስጥ በለስላሳ የእርሻ መሬት ላይ ተፈትኖ የተመሰገነ መሣሪያ እኛ ዘንድ ሲመጣ ጥልቀቱ የሚቀንሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ፈተናውን የጀመርኩት ከጓሮዬ ነው። ስድስት ጉድጓድ ቆፍሬ በተለያየ ጥልቀት ከአያቴ የወረስነውን ጠገራ ብር፣ የ1936 ዓ.ም 10 ሳንቲም፣ የቆርቆሮ ምስማርና የጠርሙስ ቆርኪ ቀበርኩ። ጠገራው 28 ግራም የሚመዝን፣ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ከመቶ 83 እጁ ንጹሕ ብር የሆነ ትልቅ ሳንቲም ስለሆነ ለማንኛውም መሣሪያ ቀላል ዒላማ ነው። አሮጌው መሣሪያዬ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ በጥሩ ድምፅ አገኘው፤ 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ግን ከመሬቱ ጩኸት ሊለየው አልቻለም። አዲሱ በ25ም ከአራቱም አቅጣጫ ሲወዛወዝ ያው አንድ ዓይነት ንጹሕ ድምፅ ሰጠኝ። በትንሿ 10 ሳንቲም ላይ ልዩነቱ የበለጠ ጎላ፤ አሮጌው ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች ሲወርድ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር፣ አዲሱ ግን እስከ 18 ድረስ ያዛት። አዲስ የተቆፈረ መሬት ሚዛኑ ስለሚዛባ እነዚህ ቁጥሮች ለዘመናት ሳይነካ በኖረ መሬት ላይ እንዳሉ የሚሠሩ አይደሉም፤ በሁለቱ መሣሪያዎች መካከል ያለውን ርቀት ግን በሚገባ ያሳያሉ።

ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ መረዳት ለገዢ ይጠቅማል። ባለ አንድ ሞገዱ መሬቱንም ዒላማውንም በአንድ ዓይን ነው የሚያያቸው። ባለ ብዙ ሞገዱ በዝቅተኛውም በከፍተኛውም ሞገድ የመጣውን ምላሽ አነጻጽሮ የመሬቱን ድርሻ ይቀንሳል። ይህ አሠራር ለመዝናኛ በሚሸጡ መሣሪያዎች ዘንድ በስፋት የተለመደው የአውስትራሊያው ኩባንያ ማይንላብ፣ ኢኩኖክስ 800 የተባለውን፣ ዋጋው ያን ጊዜ ወደ 900 ዶላር የነበረውን መሣሪያ በፈረንጆች 2018 ለገበያ ካቀረበ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የፈረንሳዩ ኤክስ ፒ፣ የቱርኩ ኖክታ እና ሌሎችም ተከትለው የየራሳቸውን አወጡ፤ በመካከለኛ ዋጋ የሚገኙም አሉ። ስለዚህ ዛሬ ለብዙ ሞገድ ብቻ ሲባል ከ1000 ዶላር በላይ መክፈል ግዴታ አይደለም፤ ለአስተያየቴም ትልቁ መሠረት ይህ ነው።

ወደ ደጀን በኩል ባለው የዘመዶቼ ማሳ፣ በጥቁሩ ወልካ ላይ ስሞክር ግን የሁለቱ ልዩነት ጠበበ። እዚያ አሮጌው መሣሪያ ሲረጋጋ በማየቴ ተገረምኩ፤ በቀይ አፈር ላይ ያለማቋረጥ ሲንጫጫ የኖረው ዕቃ ጸጥ ብሎ የምፈልገውን ብቻ ይነግረኝ ጀመር። ጎጃም ውስጥ መሣሪያ ሊገዛ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚመላለስበት ማሳ አፈሩ ምን ዓይነት እንደ ሆነ እንዲያይ የምመክረው ለዚህ ነው። ሥራው በወልካ ላይ ከሆነ የተጨማሪው ገንዘብ ጥቅም በእጅጉ ያንሳል።

ከሁሉ ያደከመኝ ቆርኪ ነው። ሰርግ፣ ማኅበርና ገበያ በነበረበት ቦታ ሁሉ የለስላሳና የቢራ ቆርኪ ተረግጦ አፈር ውስጥ ገብቷል። ውዱ መሣሪያ የዛገ ምስማርን በቀላሉ ይለያል፤ ቆርኪን ግን፣ በተለይ ገና ያልዛገውን፣ እንደ ጥሩ ሳንቲም በከፍተኛ ድምፅ ያበስራል። የብረት ማግለያውን፣ ማለትም ተራ ብረት ድምፅ እንዳያሰማ የሚያደርገውን ቅንብር፣ ደረጃ ከፍ በማድረግ ብዙውን ማስቀረት ተችሎኛል፤ ሆኖም ያን ሳደርግ ከምስማር አጠገብ የተቀበረችው 10 ሳንቲም አብራ ጠፋችብኝ። በመጀመሪያው ወር ከቆፈርኳቸው አሥር ጉድጓዶች ሰባት ስምንቱ የቆርኪ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ሲጀምርና ሲያልቅ ያለውን ሻካራነት ጆሮዬ ለመደውና ቁጥሩ እየቀነሰ ሄደ። ይህን ትምህርት የሰጠኝ ግን መሣሪያው ሳይሆን በማዳመጫ ያሳለፍኩት ጊዜ ነው። ለዚህም ይመስለኛል ወደ አሮጌው ስመለስ በእርሱም ከበፊቱ የተሻልኩ ፈላጊ ሆኜ ያገኘሁት።

በጥር ወር አንድ ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ መንደር፣ ጤፍ ከተወቃበት አውድማ አጠገብ፣ አንዲት እናት ጠሩኝ። «ወንድም ዓለም፣ ይህ የሚጮኸው ዱላህ ቀለበት ያገኛል?» ብለው ጠየቁኝ። የልጃቸው ሚስት የቃል ኪዳን ቀለበቷን ጭድ ስትከምር ጥላው ኖሯል። አዲሱን መሣሪያ ይዤ አውድማውን በመስመር በመስመር ዞርኩት፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከጭዱ ክምር ሥር ዝቅ ያለ፣ ለስላሳ ድምፅ ሰማሁ። ቀለበቱ ከአፈሩ ፊት ሁለት ጣት እንኳ አልወረደም ነበር። እናትየው እጄን ይዘው የመረቁኝ ምርቃት እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ወደ ቤት ስመለስ ግን ያንኑ የሚያህል የወርቅ ቀለበት በዚያው ጥልቀት አስቀምጬ በአሮጌው ብሞክረው ያለ ምንም ችግር አገኘው። በእኛ አገር አንድ ብረት ፈላጊ በእውነት ለሰው የሚጠቅምበት ሥራ፣ ማለትም የጠፋ ቀለበት፣ ከሞፈር ወልቆ በትልም ውስጥ የቀረ ወገል፣ የተሰበረ ማረሻ፣ ወደ መሰንጠቂያ ሊገባ ባለ ግንድ ውስጥ የተቀረቀረ ምስማር፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥልቀት የማይጠይቅ ሥራ ነው።

ውዱ መሣሪያ በጥልቀት የሚያስገኘውን ብልጫ ለመጠቀም የሚያምረው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስበው የጥንት ሳንቲምና ቅርስ ነው። እዚህ ላይ በግልጽ መናገር እወዳለሁ። በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ወዲያውኑ እንዲያስታውቅ ያዛል። እንደ መርጡለ ማርያም ባለ፣ የእቴጌ እሌኒ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ በቆመበት ቦታ አንዲት ሳንቲም ከአፈሯ ተነቅላ ብትወጣ ከየትኛው የአፈር ንጣፍ እንደ ወጣች የሚናገር አይኖርም፤ ያ ታሪክ ደግሞ ተመልሶ አይገኝም። ጣሊያን እስከ 1933 ዓ.ም ድረስ በቡሬና በደብረ ማርቆስ ምሽግ በያዘባቸው ቦታዎችም መቆፈር ለሕይወት የሚያሰጋ ነው፤ መሣሪያው የፈነዳውን ጥይት ካልፈነዳው ቦምብ አይለይምና። ረጅም ዘንግ ይዞ ማሳ ለማሳ የሚዞር ሰው የባለ ማሳውንና የቀበሌውን ፈቃድ አስቀድሞ ማግኘት አለበት፤ ጸጥታ በጎደለበት ሰሞን ደግሞ ከግቢው ባይወጣ ይሻላል።

ወርቅ ፍለጋን በተመለከተ ጥቂት ብቻ ልበል። 6000 ዶላር ገደማ የተሸጠው የማይንላብ ጂ ፒ ኤክስ 6000 የተሠራው በብረት ማዕድን በበለጸገ መሬት ውስጥ የወርቅ እንክብል ለማግኘት ነው፤ በእርግጥም ድንቅ መሣሪያ ነው። ነገር ግን በወርቅ የሚታወቀው መሬት ወደ ምዕራብ፣ በመተከልና በቤኒሻንጉል ቆላ በኩል ነው እንጂ የእኛ ደጋ አይደለም፤ እዚያም በባህላዊ መንገድ ለማምረት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በገበቴ የሚታጠበውን የወርቅ ብናኝ ደግሞ የትኛውም መፈለጊያ አይሰማውም። አንቴና ተክለውለት ወርቅን ከብዙ ሜትር ርቀት ያሳያል እየተባለ የሚሸጠውን ዕቃ ማንም እንዳይገዛ እለምናለሁ። እንዲህ ዓይነቱ ባዶ ሳጥን ፈንጂ ያገኛል እየተባለ ለኢራቅ መንግሥት ሳይቀር ተሸጦ፣ ሻጩ በፈረንጆች 2013 እንግሊዝ አገር 10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

እንግዲህ ገንዘቡን እናስላ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ጀምሮ የብር ምንዛሬ በገበያ ሲወሰን የዶላሩ ዋጋ በእጅጉ ስለ ናረ፣ የ1000 ዶላር ዕቃ ለደመወዝተኛ የብዙ ወር ኑሮ ነው። ከዚያ ላይ መለዋወጫው እዚህ አይገኝም፤ በኅዳር የአዲሱ መሣሪያ የቻርጀር ገመድ ሲበላሽ ማግኔት ያለው ልዩ ገመድ ስለሆነ በከተማው የሚተካው አጥቼ ከውጭ እስኪላክልኝ ሦስት ሳምንት ተቀመጥኩ። አሮጌው ግን ከማንኛውም ሱቅ በሚገዛ የባትሪ ድንጋይ ይሠራል። በቀይ አፈር ላይ ለሚሠራና ገንዘቡ ላለው ሰው በመካከለኛ ዋጋ የሚገኝ ባለ ብዙ ሞገድ መሣሪያ እመክራለሁ፤ ከዚያ በላይ ያለው ጭማሪ ለእኛ ሥራ አያስፈልግም። መሣሪያ ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ሳይገዛ በፊት ከ150 ዶላር በታች የምትገኘውን፣ ጉድጓድ ውስጥ የምትገባውን የካሮት ቅርጽ ያላት የእጅ መፈለጊያ ይግዛ። እኔ እርሷን ካገኘሁ ወዲህ ለአንድ ሳንቲም የምቆፍረው ጉድጓድ ከሳህን ወደ ቡና ሲኒ አፍ ጠብቧል፤ የገበሬው ሣርም ሳይጎዳ ይመለሳል።

የአጎቴ ልጅ በመጋቢት መሣሪያውን እንድገዛው በግማሽ ዋጋ ጠየቀኝ። አመስግኜ መለስኩለት፤ በዚያው ሳምንት አንድ ጎረቤቴ ለበልግ ሲያርስ ወገሉ ወልቆ ጠፍቶበት ስለ ነበር አሮጌውን ይዤ አብሬው ወደ ማሳው ወረድኩ።