ዳንቴል ወይስ የጨርቅ ቦርሳ?

ለስጦታም ለሽያጭም ሁለቱንም ሞክሬያቸዋለሁ፣ እዚሁ ሀዋሳ። ዳንቴል ለመጀመር ብዙ አይጠይቅም። አንድ ኪሮሽ፣ አንድ ጥቅል ክር፣ በቃ፤ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለሽም፣ ባጃጅ ውስጥም፣ ወረፋ ስትጠብቂም ትሠሪዋለሽ። ችግሩ ጊዜ ይበላል። ለረከቦት የምትሆን አንዷን ለመጨረስ ሦስት ምሽት ፈጀብኝ፣ ገዢዋ ግን አገላብጣ አየችና «ይሄ እኮ ክር ነው» ብላ የዋጋውን ግማሽ ጠራችልኝ። (እናቴ ብትሰማ ኖሮ!)

የጨርቅ ቦርሳ ሌላ ነው። ልብስ ሰፊ ጋ የሚተርፈውን ብጣሽ ለምነሽ ታመጫለሽ፣ የስፌት መኪና ካለሽ በአንድ ከሰዓት ሦስት አራት ይወጣል። በእጅም ይሰፋል። ብቻ ማንገቻው የሚያያዝበትን ቦታ አራት ማዕዘን ስፊና መሃሉን ኤክስ አድርገሽ ድገሚው፤ እኔ የመጀመሪያውን በአንድ መስመር ብቻ ሰፍቼው ጓደኛዬ አቮካዶ ስትሞላበት መንገድ ላይ ተገነጠለ። ጨርቁን ደግሞ ከመቁረጥሽ በፊት እጠቢው፣ አዲስ ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል።

ታህሳስ 19 ለገብርኤል ንግሥ እንግዳ ከተማውን ሲሞላው ቦርሳ ይዤ እወጣለሁ። ዳንቴሉን ግን አልሸጥም፤ ለአራስ ጥየቃ ስሄድ፣ ጓደኛ ስታገባ እሰጠዋለሁ።