የኋላ ፍሬን ሸራ፦ ለከተማ የትኛው፣ ደንገጎን ለሚወርድ የትኛው?

የኋላ ሸራ ስንገዛ ብዙዎቻችን እጃችን ወደ ርካሹ ይሄዳል፤ «ዋናው የሚይዘው የፊቱ ነው» ይባላልና። ድሬዳዋ ውስጥ ከሳቢያን ወደ ከዚራ ለሚመላለስ ያስኬዳል። በየሳምንቱ ሐረር ወጥቶ ለሚወርድ ግን አልመክርም። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ፣ ሐረር ከ1,800 በላይ ናት፤ ያ ሁሉ ቁልቁለት የሚያልቀው በአብዛኛው በደንገጎ ጥምዝምዝ ላይ ነው።

መጀመሪያ ጎማውን አውልቃችሁ እዩ። ብዙ ቪትዝ ከኋላ ታምቡር (ሸራው ከውስጥ የሚገፋው ከበሮ) እንጂ ዲስክ (ሸራው ከሁለት ጎን የሚጨብጠው ሳህን) የለውም፤ ሸራውም ሌላ ነው።

ዲስክ ከሆነ፣ ኦርጋኒኩ ርካሽ፣ ድምፅ የሌለውና ለዲስኩ የሚራራ ነው። ቶሎ ያልቃል፤ ሲግል ደግሞ ይለግማል። ሴራሚኩ ብዙ ጊዜ ውዱ ነው፤ ዝም ይላል፣ ቸርኬውንም በጥቁር ዱቄት አያለብስም። ከተማ ውስጥ ብቻ የምትነዱ ከሆነና ኪሳችሁ ከፈቀደ እሱን ውሰዱ። ከፊል ብረቱ (ሰሚ ሜታሊክ የሚሉት) ያንቋርራል፣ ዲስኩንም ይበላል፤ ሙቀት ግን ይችላል። ለደንገጎ የእኔ ምርጫ እሱ ነው። ማርሽ ቀንሶ መውረድን ግን የትኛውም ሸራ አይተካም።

ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ሲላችሁ ሳጥኑን ትታችሁ ሸራውን ገልብጡት። ብዙዎቹ ላይ ከታተመው ረጅም ቁጥር መጨረሻ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ፤ የመጀመሪያው ሸራው ሳይግል፣ ሁለተኛው ከጋለ በኋላ ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራሉ። ኢ (E) ማለት የሰበቃ መጠኑ ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ (F) ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ (G) እስከ 0.55 ነው። «ኤፍ ኢ» የሚል ካያችሁ ሲግል ይደክማል ማለት ነው፤ ለቁልቁለት አልገዛውም። «ኤፍ ኤፍ» ይሻላል። ፊደሉ ስለ ዕድሜውና ስለ ድምፁ ግን ምንም አይልም።

ቤት ውስጥ ልቀይር ካላችሁ ሸራው ብቻ አይበቃም፤ መሣሪያውን የሚወስነው የእጅ ፍሬኑ ነው። አዲሱ ወፍራም ሸራ እንዲገባ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ወደ ውስጥ መመለስ አለበት። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ካሊፐሩ (ፒስተኑንና ሸራውን የያዘው ክፍል) ላይ የሚገባ ከሆነ ፒስተኑ አብዛኛውን ጊዜ እየተሽከረከረ ነው የሚመለሰው፤ በሞርሳ ከገፋችሁት ውስጡን ትሰብሩታላችሁ። ለዚህ ማዞሪያ መሣሪያ ግዙ ወይም ተዋሱ። የእጅ ፍሬኑ ዲስኩ መሐል ባለ ትንሽ ታምቡር ከሆነ ቀጥታ መግፋት ይበቃል። ፒስተኑ ሲመለስ የፍሬን ዘይቱ ማጠራቀሚያው ላይ ከፍ ይላል፤ ቀለም ላይ ከፈሰሰ ይልጣል። ሥራው ሲያልቅ መኪናውን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ።

በሚጫን ቁልፍ የሚሠራ የኤሌክትሪክ የእጅ ፍሬን ያለው መኪና ግን ብዙ ጊዜ ፒስተኑን የሚለቀው በስካነር (ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር በሚገናኝ መሣሪያ) ነው። ለአንድ ቀን ሥራ ስካነር ከመግዛት ሸራውን ራሳችሁ መርጣችሁ ለጋራዥ መስጠት ይረክሳል።