አዲስ - ድሬ፦ ባቡር፣ ባስ፣ ፕሌን (በአንድ ዓመት ሦስቱንም ሞክሬ)

እኔ ከዚራ ተወልጄ ያደግኩ የድሬ ልጅ ነኝ፣ አሁን ግን ሥራዬም ቤቴም አዲስ አበባ ነው፣ እናቴ ደግሞ እዛው ድሬ ናት፣ ስለዚህ በዓመት አራት አምስቴ እመላለሳለሁ። እስከ አምና ድረስ ሁሌም በፕሌን ነበር፣ አየር ላይ አንድ ሰዓት ናት፣ ውሃ ጠጥተሽ ሳትጨርሺ መውረድ ይጀምራል።

ነገሩን ያመጣችው ስቶክሆልም የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። እዛ ሀገር የፕሌን ጭስ የአየር ንብረቱን ይጎዳል ብለው በፕሌን በመሄድ ማፈር የሚባል ነገር አለ፣ ፍሊግስካም ይሉታል፣ ያቺ ለአየር ንብረት የምትሟገተው ግሬታ የምትባለው የስዊድን ልጅ በፈረንጆቹ 2019 አትላንቲክን በጀልባ ያቋረጠች ሰሞን ደግሞ ወሬው ሁሉ እሱ ሆኖ ነበር። እኔማ ሳቅኩባት፣ አንቺ ራስሽ ቦሌ የምትወርጂው በምንድነው አልኳት፣ "እኔ ባቡር ስለሌለኝ ነው፣ አንቺ ግን በርሽ ላይ አለልሽ" አለችኝና ዝም አስባለችኝ። በርሽ ላይ ያለችው እንኳን ውሸት ነው፣ እመጣበታለሁ። ለማንኛውም ከራሴ ጋር ተስማማሁ፣ በዓመት አንድ በረራ፣ የቀረው በምድር።

ከባቡሩ ልጀምር። ባቡር ሲባሉ አሁንም ለገሃር ሻንጣ ይዘው የሚሄዱ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። የለገሃሩ የድሮው የፈረንሳዮቹ ነው፣ ድሬ የገባው በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 (ሁሉም በፈረንጅ)፣ ድሬም ከተማ የሆነችው በሱ ነው፣ ያ ሐዲድ ባይመጣ ኖሮ ዛሬ እኔም የድሬ ልጅ ነኝ ብዬ አልኮራም ነበር። አዲሱ ቻይናዎች የሠሩት፣ በ2016 ተመርቆ በ2018 መጀመሪያ ሥራ የጀመረው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ነው፣ ተሳፋሪ የሚያነሳውም ለቡ ነው። እኔ የምኖረው ሲኤምሲ። ሲኤምሲ እና ለቡ ማለት ለማያውቅ ሰው ልንገረው፣ ከተማዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ ማለት ነው፣ በጨለማ ተነስቼ የከፈልኩት የራይድ ሂሳብ የባቡሩን ትኬት ሊያህል ምንም አልቀረው። ድሬም ስትወርጂ እንደዛው ነው፣ ጣቢያው ከከተማ ወጣ ያለ ሜዳ ላይ ነው፣ ከዛ ባጃጅ። የድሮው ሐዲድ እኮ መሀል ከተማ ነበር የሚያወርድሽ፣ ከዚራ፣ ከእናቴ ቤት በእግር።

ከገባሽ በኋላ ግን ሌላ ዓለም ነው። እኔ የያዝኩት ተራውን መቀመጫ ነው፣ ፊት ለፊት የሚያስቀምጠውን፣ መሀል ላይ ትንሽ ጠረጴዛ አለች። መኝታ ያለው ፉርጎም አለ ግን በቀን ጉዞ ምን ያደርጋል፣ ሦስተኛው አልጋ ላይ የወጣ ሰው ቀና ብሎ እንኳን መቀመጥ አይችልም። ከኔ ፊት አንዲት እናት ነበሩ፣ ገና አዳማ ሳንደርስ ጠረጴዛዋን በነጠላቸው ጠርገው ዳቦ ቆርሰው፣ የተቀቀለ እንቁላል ልጠው፣ በርበሬዋን ከወረቀት ላይ ፈተው ማዕድ ዘረጉ፣ የማላውቀው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልጅ፣ እኔ፣ አንድ ወታደር፣ ሁላችንም ጎረስን። በፕሌን ስንት ዓመት ስመላለስ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ስም ጠይቄ አላውቅም።

መተሐራ ጋ ስትደርሱ ፈንታሌ ተራራን እዩት፣ በስተግራ ነው። ቦታ የመምረጥ ዕድል ካላችሁም በግራ በኩል ያዙ፣ ወደ ድሬ ስትሄዱ በበጋው ፀሐይዋ ጠዋቱን ሙሉ የምትጠብሰው በቀኝ በኩል ያለውን ሰው ነው፣ እኔ በቀኝ ነበርኩና ግማሽ ፊቴ ጠቁሮ ነው የደረስኩት ማለት ይቻላል። ከአዋሽ በኋላ ሜዳው ሁሉ ግራርና ግመል ነው። ግመሎቹ ሐዲዱን ሲሻገሩ የሚገጩበት ጊዜ ስላለ ባቡሩ አንዳንድ ቦታ ቀስ ይላል፣ ሰዉ ለምን ቆምን እያለ ያጉረመርማል፣ እኔ ግን የግመል ዋጋ ስለማውቅ ዝም አልኩ። ብቻ ወደ ስምንት ሰዓት ግድም ፈጀብን። ስልኬን ሳልነካ ስምንት ሰዓት የተቀመጥኩበት ቀን ትዝ አይለኝም (እሺ፣ ኔትወርክ ስላልነበረም ነው)።

ነዳጅስ ካላችሁኝ፣ ይሄ ነው እኔን ያሳመነኝ፣ የኛ ሀገር መብራት አብዛኛው ከግድብ ውሃ ነው፣ ባቡሩ ደግሞ የሚሄደው በመብራት ነው። አውሮፓ ውስጥ ባቡር ያዙ ሲባል ገና መብራቱ ከከሰል ይሁን ከምን ተብሎ ይጠየቃል፣ እኛ ጋ ግን መልሱ ቀላል ነው። ፈረንሳይ እንኳን በ2023 በባቡር ከሁለት ሰዓት ተኩል በታች የሚደረስበትን የሀገር ውስጥ በረራ ከልክላለች፣ በሷ ሕግ ብንሄድ የድሬ ፕሌን አይነካም፣ ስምንት ሰዓት የት ሁለት ሰዓት ተኩል የት። ባቡሩ ላይ ትልቁ ችግር ግን በየቀኑ አለመሆኑ ነው። ዓርብ ከሥራ ወጥቼ እሁድ ማታ ልመለስ ለሚል ሰው ቀኑ ካልገጠመለት በቃ አይሆንም፣ እኔም ሁለት ቀን የዓመት ፈቃድ በልቶብኛል። ትኬት ቀደም ብላችሁ ቁረጡ፣ መታወቂያም ያዙ።

ባሱ። ስሙን አልጠራም፣ ጥሩ ከሚባሉት ነው። ለሊት 11 ሰዓት ተነሳን፣ እስከ አዳማ በፈጣን መንገዱ ምንም አይባልም፣ እንቅልፍ ነው። ችግሩ ሲነጋ ነው የመጣው፣ ኤሲው አይሠራም፣ መስኮቱ አይከፈትም (ኤሲ አለዋ!)፣ ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ኮሜዲ እስከ ጥግ ከፍተው ሦስት ጊዜ ደጋግመው አሳዩን። ቀንሱልን ስንል ረዳቱ ሹፌሩ እንዳይተኛ ነው አለ፣ ከዛ በኋላ ማን ቀንሱ ይላል። ከመኢሶ በኋላ መንገዱ ወደ ደጋው ይወጣል፣ አሰበ ተፈሪ፣ ሂርና፣ ቁልቢ፣ እውነት ለመናገር እይታው ከባቡሩ ይበልጣል፣ ባቡሩ ቆላ ቆላውን ስለሚሄድ ይሄን አያሳይም። ከዛ ደንገጎ። ደንገጎን ለማያውቅ፣ ድሬ ከመግባታችሁ በፊት ያለ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ብርዱ በአንዴ ሙቀት ይሆናል፣ ረዳቱ ደግሞ ሳይጠየቅ ፌስታል ማደል ይጀምራል። አጠገቤ የነበረች ልጅ ሁለት ወሰደች፣ ሁለቱንም ተጠቀመችባቸው። ወደ 10 ሰዓት ግድም ደረስን።

ግን ባሱ ሁለት ነገር ይበልጣል። አንደኛ በየቀኑ አለ፣ ከተማ ውስጥም ያወርዳል። ሁለተኛ ለቁልቢ ገብርኤል የሚሄድ ሰው ሌላ ምርጫ አያስፈልገውም፣ ባቡሩ ድሬ ያደርስሽና ያንኑ ደንገጎን መልሰሽ ትወጪያለሽ። የመንገዱን ሰላም ግን ከመነሳታችሁ በፊት የሚያውቅ ሰው ጠይቁ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።

አንዷን በረራዬን ለእናቴ ልደት አስቀምጫት ነበር። የካቲት ላይ አጎቴ አረፈ። ስልክ የተደወለልኝ ማታ 3 ሰዓት ነው፣ ቀብሩ በማግስቱ 9 ሰዓት። በባስ ብሄድ አፈር ለብሶ ነው የምደርሰው፣ ባቡሩ የዛን ቀን የለም። በጠዋቱ ፕሌን ሄድኩ፣ ደረስኩ፣ ተሸኘ። ስዊድን ለቀብር ሁለት ሦስት ሳምንት ይጠበቃል ትላለች የአክስቴ ልጅ፣ እነሱ ማፈር ይችላሉ፣ እኛ ጋ ግን ለቅሶ ላይ ያልደረሰ ሰው የሚያፍረው በሌላ ነው። ስለዚህ ደንቤን አሻሽያለሁ፣ ለቅሶ አይቆጠርም። ለሠርግ፣ ለበዓል፣ ለናፍቆት ግን ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል፣ እሱ በምድር ነው።

እና ፕሌኑም ቢሆን አንድ ሰዓት የሚባለው አየር ላይ ያለው ብቻ ነው፣ ከሲኤምሲ ወጥቼ፣ ሁለት ሰዓት ቀድሜ ቦሌ ገብቼ፣ ጫማ አውልቄ አድርጌ፣ የእናቴን በር እስካንኳኳ አራት ሰዓት ተኩል ሄዷል፣ ቆጥሬዋለሁ።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ለባቡሩ ከ5 አራት፣ አንዷን የቀነስኩት ለለቡ ነው። ለባሱ ሁለት ተኩል፣ ግማሿ የቁልቢ ናት። የአክስቴ ልጅ ለጥምቀት ትመጣለች፣ ድሬ በባቡር ካልሄድን ብላ ከአሁኑ ይዛኛለች። ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ፣ እስከ ለቡ ያለውን ራይድ ግን እሷ ናት የምትከፍለው፣ በርሽ ላይ አለልሽ ያለችው እሷ ናት።