ከኮሞዶር 64 ጋር 10 ወር

ኮሞዶር 64 የሚባለው የ1980ዎቹ የቤት ኮምፒውተር ቤቴ ከገባ 10 ወሩ ነው። ለመደርደሪያ ጌጥ አልገዛሁትም። በሳምንት ሦስት አራት ማታ እከፍተዋለሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው በመጀመሪያው ሳምንት ደስታ ሳይሆን አመሉን ከለመድኩት በኋላ ነው።

ከፍሎፒ ማንበቢያው ጋር 180 ዶላር ከፈልኩ። ሻጩ «ተፈትኗል፣ ይሠራል» ብሎ ነበር። ስከፍተው ግን አራት የኪቦርድ ቁልፎች እምቢ አሉ። ብሎኑን ፈትቼ ከሥር ያሉትን መነካኪያዎች በአልኮል ጠራረግኳቸው፤ ዳኑ። አርባ ዓመት ያለፈው ዕቃ ስለሆነ አልተናደድኩም።

ስታበሩት ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። «38911 ቤዚክ ባይትስ ፍሪ» ይላል። ከሥሩ «ሬዲ» ይልና ጠቋሚው ብልጭ ድርግም እያለ ይጠብቃችኋል። በቃ። ዴስክቶፕ የለም፣ አይከን የለም፣ ፓስወርድ የለም።

64 ኪሎባይት ሚሞሪ አለው እየተባለ ለምን 38911 ባይት ብቻ? መጀመሪያ ግራ ያጋባኝ ይሄ ነበር። ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ ማየት የሚችለው 65536 አድራሻ ነው። ሚሞሪው ብቻውን ያንን ሁሉ ይሞላዋል። ግን የቤዚክ ቋንቋ 8 ኪሎባይት፣ ከርናል የሚባለው የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም ሌላ 8 ኪሎባይት ቦታ ይፈልጋሉ። ሁለቱም በሮም ቺፕ (ይዘቱ የሚነበብ እንጂ የማይለወጥ ቺፕ) ላይ የተቀመጡ ናቸው። ስለዚህ የሚሞሪውን የተወሰነ ክፍል እንደ መጋረጃ ይሸፍኑታል፤ ከቀረውም ለቤዚክ የማይደርስ አለ። መጋረጃውን ገልጦ ከጀርባው ያለውን መጠቀም ይቻላል። ይህ ሲገባኝ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር፣ እንቅልፌም ጠፋ።

ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ (ማሽኑን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) የት ነው ብላችሁ ብትፈልጉ እንደ ዛሬው በአንድ ቦታ አታገኙትም። በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ የያዙ ነበሩ። ጌሪ ኪልዳል በ1974 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሲፒኤም ከዲስክ የሚጫን፣ በተለያዩ ኩባንያዎች ማሽኖች ላይ የሚሠራ ሲስተም ነበር። አይቢኤም በነሐሴ 1981 ፒሲውን ሲያወጣ ይዞት የመጣው ዶስም የዚያው መንገድ ተከታይ ነው፤ መነሻው ቲም ፓተርሰን የጻፈው፣ ማይክሮሶፍት የገዛው ፕሮግራም ነው። ኮሞዶር 64 ግን ዲስክ የሚያስተዳድረውን ክፍል ከኮምፒውተሩ አውጥቶ ፍሎፒ ማንበቢያው ውስጥ ነው ያስቀመጠው። 1541 የሚባለው ማንበቢያ የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ 2 ኪሎባይት ሚሞሪ፣ የራሱ ሮም አለው። ከኮምፒውተሩ ጎን የተቀመጠ ሌላ ኮምፒውተር ማለት ነው። እኔ ይህን በጣም እወደዋለሁ።

ፍጥነቱን ግን አልወደውም። በሰከንድ ከ300 እስከ 400 ባይት ያህል ነው የሚያስተላልፈው። 40 ኪሎባይት የሆነ ጌም ለመጫን ሁለት ደቂቃ ገደማ ትጠብቃላችሁ። ምክንያቱ ይታወቃል። ከ64 በፊት በነበረው የኮሞዶር ኮምፒውተር፣ በቪክ 20 ላይ፣ መረጃ ማስተላለፍ የነበረበት ቺፕ ችግር ስለነበረው ሥራውን በሶፍትዌር ቀስ እያሉ እንዲሠራ አደረጉት። 64ም ያንኑ ወረሰ። ፈጣን መጫኛ ካርትሪጅ ከኋላው ሰክቼ ነው የተገላገልኩት። ከገዛችሁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲኖራችሁ እመክራለሁ።

ዋጋው ለምን ርካሽ እንደነበር ሳነብ ለማሽኑ ያለኝ አክብሮት ጨመረ። በ1982 ሲወጣ 595 ዶላር ነበር። የአይቢኤም ፒሲ 16 ኪሎባይት ይዞ 1,565 ዶላር ይጀምር ነበር። የኮሞዶር መሪ ጃክ ትራሚል ፖላንድ ተወልዶ፣ ከአውሽዊትዝ ተርፎ፣ አሜሪካ ገብቶ የጽሕፈት መኪና በመጠገን የተነሣ ሰው ነው። ሞስ ቴክኖሎጂ የሚባለውን የቺፕ ፋብሪካ በ1976 ገዛው። ስለዚህ ፕሮሰሰሩን፣ የስክሪኑን ቺፕ፣ የድምፁን ቺፕ ራሳቸው ይሠሩ ነበር። ቦብ ያነስ የነደፈው ሲድ የተባለው የድምፅ ቺፕ ሦስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው። አንድ ማታ ብቻችሁን ሆናችሁ ስሙት።

ቤዚኩ ግን ደሃ ነው። ከማይክሮሶፍት በ1977 በአንድ ጊዜ ክፍያ የተወሰደ ነውና ለሥዕልም ለድምፅም ትእዛዝ የለውም። ሁሉንም በ«ፖክ» ነው የምትሠሩት፤ ቁጥርን በአድራሻ ላይ ማስቀመጥ። «ፖክ 53280፣ 0» ስትሉ የስክሪኑ ጠርዝ ይጠቁራል። በመጀመሪያው ወር ይህ አሰለቸኝ። በሦስተኛው ወር ግን ጥቅሙ ታየኝ። በእናንተና በሚሞሪው መካከል የቆመ ነገር የለም። ፊደል የሚሣልበትን ቦታ እንኳ ገብታችሁ መለወጥ ትችላላችሁ። እኔም ገባሁ።

እያንዳንዱ ምልክት 8 በ8 ነጥብ ነው፣ ማለትም 8 ባይት፤ አንዱ ቁጥር አንድ ረድፍ ነጥብ ነው። «ሀ» ቀላል ናት፦ 0፣ 102፣ 102፣ 102፣ 102፣ 102፣ 60፣ 0። እነዚህን ቁጥሮች ጽፌ የፊደል ሰሌዳውን በሌላ ፖክ ሳዞር ሀ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ጠ» ላይ ስደርስ ግን ተያዝኩ። የማሽኑ የራሱ ፊደላት ቋሚ መስመራቸው ሁለት ነጥብ ይወፍራል፤ አንድ ነጥብ ብቻ ከሆነ በድሮ ቲቪ ላይ ቀለሙ ይበላሻል። ጠ ሦስት እግር አላት። ሦስት ሁለት፣ ከመሃል ሁለት ክፍተት፣ ድምሩ ስምንት። ከጎኗ ካለችው ፊደል የሚለያት ባዶ ቦታ የለም። ስለዚህ እግሮቿን ማቅጠን ግድ ሆነ።

ቦታም ሌላ ጣጣ ነው። ሰሌዳው 256 ምልክት ነው የሚይዘው። 33 ቤት በ7 ሲባዛ 231። ቁጥሮቹን፣ ክፍተቱን፣ አራት ነጥቡን ስትጨምሩ ለ«ቋ» እና ለ«ጓ» ቤተሰብ የሚተርፈው ከአሥራ ሦስት አይበልጥም። የላቲኑ ፊደል ጨርሶ ይወጣል። ደግሞ ጠቋሚው ብልጭ ሲል ምልክቱን ወደ 128 ቦታ ወደፊት ያለው ምልክት ይለውጠዋል፤ ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ የማላውቀው ፊደል ብቅ ጥልቅ ይልብኝ ነበር። 160ኛውን ቦታ ሙሉ ካሬ አድርጌ ተውኩለት። ድሮ በሌላ ሰው ኮምፒውተር የተጻፈ የአማርኛ ሰነድ ስንከፍት በምልክት ተሞልቶ ይመጣ የነበረው ለምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ፊደላችን በዚያ በጠባቡ ቤት አይገባም ነበር፤ እያንዳንዱ ሶፍትዌር በየፊናው አጣጥፎ ያስገባው ነበር። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለፊደላችን የራሱን ቦታ እስኪሰጠው ድረስ።

ሌሎቹን ባጭሩ ልበል። ጂኦስ የሚባለው የ1986 ሲስተም መስኮትና አይከን አለው፤ በ64 ኪሎባይት መሠራቱ ይገርማል፣ ለዕለት ሥራ ግን ትዕግሥት ይፈጃል። ፓወር ሰፕላይ ላይ አትቀልዱ። የድሮው ሲያረጅ 5 ቮልቱ ከፍ ሊልና የሚሞሪ ቺፖቹን ሊያቃጥል ይችላል። አዲስ የተሠራ ግዙ። እኔ ማሽኑን በአሮጌው አንድ ቀን እንኳ አላበራሁትም።

ባለፈው ወር እናቴ ልትጠይቀን መጥታ ነበር። በትልልቁ «ጣና» ብዬ ጽፌ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ጠጋ አለች።

«ጠና? ማን ጠናበት ልጄ?» አለችኝ ደንግጣ።

ልክ ነበረች። የጣ ቀኝ እግር ከሌሎቹ የረዘመው በአንዲት ነጥብ ብቻ ነበር። በዚያው ማታ ሁለቱን እግሮች አንድ ነጥብ አሳጠርኳቸው። ጠዋት መልሼ ሳሳያት፣ «እ… ጣና! ሐይቁ!» አለች።

እስከ ዛሬ 196 ፊደል ሠርቻለሁ። አሁን «ጰ» ላይ ነኝ።