«ኤስኤስዲ የተገጠመለት» ያገለገለ ዴስክቶፕ ለምትገዙ፦ ከመክፈላችሁ በፊት ዲስኮቹ እንዴት እንደተደራጁ አረጋግጡ

ያገለገለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ለመግዛት ያሰባችሁ፣ በተለይም «ኤስኤስዲ የተገጠመለት፣ እንደ አዲስ የሚሮጥ» የሚል ማስታወቂያ ዓይታችሁ ልባችሁ የከጀለ ሁሉ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ እንድታነቡ እጠይቃለሁ። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ክፍል የሌለው፣ ከተለመደው ሃርድ ዲስክ እጅግ የሚፈጥን ዲስክ ነው። በአዲስ አበባ ሱቆችም ሆነ በቴሌግራም በዚህ መልክ ከሚቀርቡት መካከል እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት የተሠሩ የዴል ኦፕቲፕሌክስና የኤችፒ የቢሮ ኮምፒውተሮች ይገኙበታል። ማሽኖቹ በራሳቸው የሚናቁ አይደሉም፤ በአግባቡ ከተደራጁ ለጽሕፈት፣ ለሒሳብና ለትምህርት ሥራ ገና ብዙ ያገለግላሉ። የማስጠነቅቃችሁ ኤስኤስዲው በውስጡ እያለ ጥቅሙ ለገዢው እንዳይደርስ ተደርጎ ስለሚገጠምበት አሠራር ነው።

የአክስቴ ልጅ ለሒሳብ ሥራዋ እንዲህ ያለ ማሽን ገዝታ በጣም ስለተንቀራፈፈባት እንዳየው ጠየቀችኝ። ሻጩ ባለ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲና ባለ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ እንዳለው ነግሯት ነበር፤ ስከፍተውም ሁለቱም በቦታቸው ነበሩ። ነገር ግን ዊንዶውስ የተጫነው በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ ሲሆን፣ ተጨማሪ ገንዘብ የተከፈለበት ኤስኤስዲ «ዲ» የሚል ፊደል ተሰጥቶት ባዶውን ተቀምጧል። ደውላ ስትጠይቀው ሻጩ «ኤስኤስዲ አለው አልኩሽ እንጂ ዊንዶውሱ እዚያ ላይ ነው መቼ አልኩሽ?» ብሎ መለሰላት። ይህ መልስ በጣም አሳዝኖኛል፤ ምክንያቱም ማንም ሰው ኤስኤስዲ ያለበትን ማሽን የሚመርጠው ለፍጥነቱ እንደሆነ ሻጩ ከማንም በላይ ያውቃል።

እንዲህ የሚደረግበት ምክንያት ግልጽ ነው። ኤስኤስዲን በኬብል መሰካት የደቂቃዎች ሥራ ሲሆን፣ ዊንዶውስን በላዩ እንደገና መጫን፣ ድራይቨሮችን (የማሽኑን ክፍሎች የሚያሠሩ ፕሮግራሞችን) ማስተካከልና ፕሮግራሞችን መመለስ ግን ጊዜ ይወስዳል። የልዩነቱ ዋጋ የሚታወቀው ደግሞ ዊንዶውስ ሲነሳ ነው። ሃርድ ዲስክ የሚፈለገውን መረጃ ለማግኘት የማንበቢያ ክንዱን ማንቀሳቀስና የሚሽከረከረው ሳህን እስኪደርስለት መጠበቅ ስላለበት፣ ለአንዲት ትንሽ ፋይል እንኳ ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ኤስኤስዲ ግን ይህንኑ ከአንድ ሚሊሰከንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ያደርሳል። ዊንዶውስ ሲነሳ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ፋይሎችን ስለሚያነብ፣ እርሱ ያለበት ዲስክ የማሽኑን ፍጥነት ይወስናል።

ስለዚህ ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ታስክ ማናጀርን (የማሽኑን ሥራ የሚያሳየውን የዊንዶውስ ፕሮግራም) ከፍታችሁ «ፐርፎርማንስ» በሚለው ክፍል የ«ሲ» ድራይቭ፣ ማለትም ዊንዶውሱ ያለበት ክፍል፣ የሚገኝበት ዲስክ ኤስኤስዲ መሆኑን ተመልከቱ። ይህ ግን አይበቃም። ማሽኑ ጠፍቶ ከኤሌክትሪክ ከተነቀለ በኋላ ሻጩ የሃርድ ዲስኩን ኬብል እንዲነቅልና ማሽኑን በኤስኤስዲው ብቻ እንዲያስነሳ ጠይቁት። ዊንዶውስ ሲጫን ሁለቱም ዲስኮች ተሰክተው ከነበረ፣ ዊንዶውሱ በኤስኤስዲው ላይ ሆኖ የማስነሻ ክፍሉ ግን በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ ሊቀር ይችላል፤ ይህ ከሆነ ሃርድ ዲስኩ በተበላሸ ዕለት ማሽኑ መነሳቱን ያቆማል። ይህን ሙከራ የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠማችሁ የእኔ ምክር ሌላ ሱቅ እንድትሄዱ ነው።

ቀጥሎ መታየት ያለበት ኤስኤስዲው ከማዘርቦርዱ (ከማሽኑ ዋና ሰሌዳ) ጋር የሚገናኝበት «ሳታ» የተባለው መሰኪያ ነው። «6 ሲሪስ» የሚባሉት የኢንቴል ቺፕሴቶች (መሰኪያዎቹን የሚቆጣጠሩ ቺፖች) ባሏቸው ማዘርቦርዶች፣ ለምሳሌ ኪው67 ባላቸው፣ በሰከንድ 6 ጊጋቢት የሚያስተላልፉት የሳታ መሰኪያዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ የቀሩት በ3 ጊጋቢት ይወሰናሉ። ኤች61 በሚባለው ርካሽ ቺፕሴት ላይ ደግሞ የ6 ጊጋቢት መሰኪያ ከነጭራሹ የለም። በፈጣኑ መሰኪያ በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት የሚያነብ ኤስኤስዲ በዝግተኛው ላይ ከ300 ሜጋባይት በታች ይወርዳል። እንዲህም ሆኖ ፈጣኑን መሰኪያ ዲቪዲ ማንበቢያው ወይም ሃርድ ዲስኩ ይዞት ኤስኤስዲው በዝግተኛው ላይ የተሰካባቸው ማሽኖች አጋጥመውኛል። ሃርድ ዲስክ የ3 ጊጋቢቱን መሰኪያ እንኳ ስለማይሞላው በዝግተኛው ላይ ቢሰካ የሚያጣው ነገር የለም፤ ዲቪዲው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይበቃዋል። ትክክለኛው አደረጃጀት እንግዲህ ኤስኤስዲው ከዊንዶውሱ ጋር በፈጣኑ፣ ፋይል ማስቀመጫው ሃርድ ዲስክና ዲቪዲው በቀሩት ላይ መሆን ነው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነጻ ፕሮግራም «ሳታ/300 | ሳታ/600» ብሎ ካሳያችሁ ኤስኤስዲው ፈጣን ሆኖ ሳለ በዝግተኛ መሰኪያ ላይ መዋሉን ትረዳላችሁ። በእርግጥ ዊንዶውሱ በኤስኤስዲው ላይ እስካለ ድረስ በ3 ጊጋቢት መሰኪያም ቢሆን ከሃርድ ዲስክ እጅግ ይሻላል፤ ለዚህ ብቻ ብላችሁ ጥሩ ማሽን አትተዉ፣ ኬብሉን አዛውሮ እንዲያስረክባችሁ ግን ጠይቁ።

በባዮስ (ማሽኑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት በሚሠራው መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥም የሳታው አሠራር የቆየው «አይዲኢ» ሳይሆን ለኤስኤስዲ የሚስማማው «ኤኤችሲአይ» መሆኑን እዩ። ዊንዶውሱ ከተጫነ በኋላ ይህ አሠራር ዝግጅት ሳይደረግ ከተለወጠ ማሽኑ ላይነሳ ስለሚችል፣ ለውጡን ሻጩ ራሱ ፈጽሞ ያሳያችሁ።

በአስማሚ ካርድ ስለሚገጠመው ኤንቪኤምኢ ዲስክ፣ ማለትም ከሳታው ስለሚፈጥነው የኤስኤስዲ ዓይነት፣ አንድ ነገር ልጨምር። ከ2014 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩ አብዛኞቹ ዴስክቶፖች ባዮሳቸው ከዚህ ዓይነት ዲስክ መነሳትን ስለማያውቅ፣ ዲስኩ ለፋይል ማስቀመጫ ቢያገለግልም ዊንዶውስን ከእርሱ ማስነሳት አይቻልም። ለእንዲህ ያለ ማሽን «ከሳታ ብዙ እጥፍ ይፈጥናል» ተብሎ ተጨማሪ ሲጠየቅባችሁ አትክፈሉ።

ኤስኤስዲው ራሱም ይመርመር። መጠናቸው በሐሰት ተጽፎባቸው የሚሸጡ ዲስኮች አሉ፤ ኤችቱቴስትደብሊው የተባለው ፕሮግራም ዲስኩን እስከ ጫፉ ጽፎና መልሶ አንብቦ እውነተኛውን መጠን ያወጣል። ሙከራው ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ሱቅ ውስጥ ማድረግ ባይቻል፣ ቤት እንደገባችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ አድርጉት።

ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትውጡ፤ በደረሰኙ ላይም የኤስኤስዲው ስም፣ መጠንና መለያ ቁጥር፣ እንዲሁም ዊንዶውሱ በእርሱ ላይ መጫኑ እንዲጻፍ አድርጉ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። የተነጋገራችሁት በጽሑፍ ከሰፈረ «መቼ አልኩሽ» የሚል መልስ ቦታ አይኖረውም።