ጆን ካዛል ወይስ ሃሪ ዲን ስታንተን፦ በማን ልጀምር?

ዋናውን ሚና ሳይዙ ፊልሙን ተሸክመው የሚወጡ አሜሪካዊ ተዋንያንን ማየት ለሚፈልግ፣ እነዚህን ሁለቱን እጠቁማለሁ።

የካዛል መሠረቱ ቲያትር ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ከአል ፓቺኖ ጋር መድረክ ላይ ሠርቷል። ረጅም ፊልሞቹ አምስት ብቻ ናቸው። አምስቱም ለምርጥ ፊልም ኦስካር ታጭተው ሦስቱ አሸንፈዋል። እሱ ግን አንዴም አልታጨም፤ ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል። «ዘ ጎድፋዘር» (እ.ኤ.አ. 1972) ላይ እሱ የሚጫወተውን ገጸ-ባሕርይ ፍሬዶን ልብ ብላችሁ እዩት። አባቱ መንገድ ላይ በጥይት ሲመታ ሽጉጡን ያወጣል፤ እጁ አልታዘዝ ይለዋል፤ ሽጉጡ ያመልጠዋል። ከዚያ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። የሰውየው ድክመት በሙሉ እዚያች ቅጽበት ውስጥ አለ። የመጨረሻ ፊልሙን «ዘ ዲር ሃንተር»ን የሠራው በሳንባ ካንሰር እየተሠቃየ ነው። ለእይታ ሳይበቃ በ1978 አረፈ። ገና 42 ዓመቱ ነበር።

ስታንተን ደግሞ ዕድሜ ጠገበ። በ1926 ኬንታኪ ተወልዶ በ2017 በ91 ዓመቱ እስኪሞት በጣም ብዙ ፊልም ሠራ፤ አብዛኛው ትንንሽ ሚና ነው። መሪ ተዋናይ ሆኖ የደመቀው 60 ሊሞላው ሲል፣ በ1984ቱ «ፓሪስ፣ ቴክሳስ» ነው። ቀይ ኮፍያውን ደፍቶ በረሃውን ያቋርጣል። ለረጅም ደቂቃዎች ቃል አይተነፍስም፤ የሚናገረው ፊቱ ነው።

ጊዜ ካጠራችሁ ካዛል ይሻላል፤ አምስቱንም በአንድ ሳምንት ትጨርሷቸዋላችሁ። የእኔም ምርጫ እሱ ነው። ከ«ዘ ጎድፋዘር» ቀጥሎ «ዶግ ዴይ አፍተርኑን»ን እዩ።