«ቀሚሴ ደረሰ ወይ?»

ስለ ጤና ጣቢያዬ የኤአርቲ (የኤችአይቪ መድኃኒት) ክፍል አስተያየት ልጻፍ። ስሙን አልጠራም፤ እሱን መጥራት ሰፈሬን መጥራት ነው።

መጀመሪያ የተመረመርኩት በ2001 ዓ.ም. ሌላ ቦታ፣ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ነበር። መድኃኒቱ ከ1997 ጀምሮ በነፃ ቢሆንም ለሁሉም አይሰጥም ነበር። ያኔ ሕመም ያልታየበት ሰው ሲዲፎሩ (በደሙ ያሉት የመከላከያ ሴሎች ቁጥር) ከ200 በታች መውረድ ነበረበት። የእኔ 420 ሆነ። «ገና ነሽ፣ በስድስት ወር ነይ» ተባልኩ። በስድስት ወሩ ስሄድ ካርዴ ጠፋ። ካርዱ ሲገኝ ማሽኑ ተበላሽቷል። በሳምንቱ ደም ሰጠሁ፤ ውጤቱ ደግሞ ለሌላ ቀን። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሱቅ የዘጋሁበትን ቀን ማንም አይከፍለኝም። ሦስት ቀን ዘግቼ ያገኘሁት ያችኑ «ገና ነሽ» ነው። አንድ ፍሬ ኪኒን እንኳ በእጄ የለም። ቀረሁ። የት ገባች ያለ የለም።

በ2003 አልማዝ ባለጭራ ጎኔን ፈጀኝ። እዚህ ጤና ጣቢያ መጣሁ፤ ሲዲፎር 96። ኤአርቲው ከመጀመሩ በፊት ሌላ በሽታ እንዳይዘኝ ባክትሪም ሰጡኝ፣ ለጥቂት ሳምንት ምክር ቀጠሩኝ። ታካሚዎችን የምትከታተለው ኬዝ ማናጀር ራሷ ከቫይረሱ ጋር የምትኖር ናት። ስልኬን ስትመዘግብ «ሌላ ሰው ቢያነሳው ምን ልበል?» አለችኝ። ቀሚስ ያሰፋች ደንበኛ እንድትሆን ተስማማን።

እኔ ግን ፈራሁና እንጦጦ ፀበል ገባሁ። ቀጠሮው ባለፈ በነጋታው እህቴ ደወለችልኝ፤ «አንዲት ሴትዮ ቀሚሴ ደረሰ ወይ እያለች ነው»። ጨርቄን ማቄን ሳልል ወረድኩ። ኬዝ ማናጀሯ አልተቆጣችኝም። «ፀበሉንም ጠጪ፣ ኪኒኑንም ዋጪ» ብቻ አለችኝ።

አሁን «ገና ነሽ» ቀርቷል። ከ2009 ወዲህ ሲዲፎሩ ምንም ይሁን፣ ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ መድኃኒት ይጀምራል፤ ዝግጁ ከሆነ በዚያው ቀን። እኔም ቫይረሱ በደሜ ስለማይታይ በስድስት ወር አንዴ ነው የምሄደው። ያው ስድስት ወር! ግን ስመለስ ብልቃጦቹ ቦርሳዬ ውስጥ ይንኳኳሉ።

ከአምስት አራት እሰጣለሁ። አንዷን የቀነስኩት በሩ ስለማይገጥም ነው። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሁሉም ይሰማል። ባለፈው አንዲት ልጅ «መድኃኒቱን ላስብበት» ስትል ሰማኋት። ኬዝ ማናጀሯ እስክሪብቶዋን አነሳች። «እሺ የኔ እህት፣ አስቢበት። ስልክሽን ሌላ ሰው ቢያነሳው ምን ልበል?»